ከልጄ እጅ የቀማሁት ስፖንጅ

አዲሱን መነጽሬን አድርጌ፣ ሳዑዲ ውስጥ፣ ከደማም ወደ ኮባር በሚሄደው አውቶቡስ ስገባ፣ መጀመሪያ ጥርት ብሎ የታየኝ የማልወደው ነገር ነበር።

ሦስተኛው ወንበር ላይ የመሐመድአወል ልጅ ሸሃድ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ጥቅል ጥቁር ጨርቅ አለ። ከባድ ጥቅል ነው፤ በሁለት እጇ አቅፋዋለች። ከጎኗ ካሚላ አለች። ካሚላን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ ኮባር፣ ሰፈራችን ዐቅረቢያ ውስጥ ባለ የዓባያ ስፌት ቤት ዋና ሰፊ ናት።

ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ኸሊፋ እባላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ዐቅረቢያ ባለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በር እጠብቃለሁ። በሩ አጠገብ ወንበሬ አለ። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ምን ይዞ ገባ፣ አውቃለሁ። በሕንፃው አምስት የአበሻ ቤተሰብ ይኖራል። ልጅ ሲያስቸግር፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነገር ሲከብድ፣ «ሐጂ ኸሊፋ ይጠየቅ» ይባላል። እኔ ያልኩት ይሆናል። ይህን የምጽፈው ለኩራት አይደለም። በኋላ እንደሚታየው፣ አያኮራም።

መሐመድአወል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ከሬሀናና ከአራት ልጆቹ ጋር ይኖራል። የወሎ ሰው ነው። ኤሲ ይጠግናል። ሸሃድ የመጀመሪያ ልጁ ናት፤ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው።

«ሸሃድ» አልኩ።

ብድግ አለች። ጥቅሉ ከጭኗ ሊወድቅ ሲል በጉልበቷ ያዘችው።

«አሰላሙ ዐለይኩም አባባ ኸሊፋ። ይቀመጡ።»

ሰላምታ ግዴታ ነውና መለስኩ። አልተቀመጥኩም።

«ደማም ምን ትሠሪያለሽ? አባትሽ ያውቃል?»

ካሚላ መለሰች። ዝምታ ለካሚላ አልተፈጠረም።

«እናቷ ታውቃለች ሐጂ። ሰርቄ አላመጣኋትም። ይቀመጡ እንጂ! ሹፌሩ ፍሬን ቢይዝ ይህ አዲስ መነጽርዎ የሰው እግር ሥር ነው የሚገኘው።»

ተቀመጥኩ። በመተላለፊያው ማዶ፣ ትይዩ።

«ለአባቴ ይነግሩታል?» አለች ሸሃድ።

«እነግረዋለሁ። ዛሬውኑ።»

«ይንገሩት አባባ። መደበቅ አልፈልግም። ግን ምክንያቴን ሰምተው ይንገሩት። እስከ ኮባር ልናገር። ስንደርስ ካላመኑኝ፣ እርስዎ ሲነግሩት እኔም አጠገብዎ እቆማለሁ።»

የዘመኑ ልጅ እንዲህ አይናገርም። ወይ ይዋሻል ወይ ያኮርፋል። ፊቷን አየሁ። አልዋሸችም።

«እስከ ኮባር» አልኩ።

አውቶቡሱ ተነሣ።

ነገሩ ይህ ነው። ካሚላ የምትሠራበት ቤት ባለቤት ሳዑዲያዊት ናት። ለስፌቱ የምትረዳ ሴት ልጅ ትፈልጋለች፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቂት ሰዓት። ካሚላ ሸሃድን አሰበች። ሸሃድም ፈለገች። የቀረው የአባት ፊርማ ነው። ባለቤቲቱ ወረቀቱን የምታስገባው እሑድ ነው። እሑድ ካለፈ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሆናል። ያን ዕለት ረቡዕ ነበር።

«ኢቃማሽ ላይ ምን ተጽፏል?» አልኳት። «ሥራ አይፈቀድም ይላል። በአንቺ የተነሣ አባትሽ ቢያዝስ?»

«ለዚህ ነው ፈቃድ የሚጠየቀው» አለች ካሚላ ቀድማ። «እንኳን መቀስ፣ መርፌም አላስያዝኳትም። ወረቀቱ ሳይመጣ ብትሠራ ሙሽኪላው፣ ችግሩ፣ ለእሷም፣ ለእኔም፣ ለአባቷም ነው። ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖርኩት ተኝቼ አይደለም። ዛሬ ጨርቅ ሲመረጥ እንድታይ ብቻ ነው ያመጣኋት። ጥቅሉን ተይው ብላት ግን እምቢ አለች።»

«ከባድ ነው» አለች ሸሃድ። የተናገረችው በደስታ ነበር።

ሁለተኛውን ጠየቅኩ። «ትምህርትሽስ?»

«አባባ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምሠራውን ያውቃሉ?»

«ታጠኛለሽ።»

«መጽሐፍ እከፍታለሁ። መጽሐፉ ላይ ጀዋሌን አስቀምጣለሁ። እስከ መግሪብ ስልክ አያለሁ። እናቴ ስትመጣ ገጹን እገልጣለሁ። የዓመቱን መጽሐፍ እንዲህ ስገልጥ ጨርሼዋለሁ፤ አንዱንም አላነበብኩም።»

ካሚላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አልተቆጣሁምም። ራሱን የሚከስ ሰው ላይ መቆጣት ይከብዳል።

«አባትሽ በሐምሌ ሙቀት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኤሲ የሚፈታው ለምን ይመስልሻል?» አልኩ። «አንቺ እንዳትሠሪ ነው። እጅሽ እንዳይሻክር።»

«እሱም ይለናል። በየቀኑ።» ጨርቁን አስተካከለች። «ግን አባባ፣ ጣሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም። አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ማታ ሲገባ ልብሱ ይሸታል። እኔና ታናናሾቼ አፍንጫችንን እንይዛለን። እሱ ይስቃል። ያዕኒ… እኔም እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰው የአባቱን ድካም በልብሱ ሽታ ብቻ ነው የሚያውቀው?»

መልስ ያጣ ሽማግሌ ተረት ይጠራል። እኔም ጠራሁ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

«ምንድነው እሱ?» አለች ወደ ካሚላ ዞራ።

«ልጅ ሊጥ ቢያቦካ ያ ሊጥ ለራት አይደርስም ማለት ነው። የልጅ ሥራ ሥራ አይሆንም እያሉሽ ነው።»

ሸሃድ ትንሽ አሰበች። «ልጁ አቡክቶ ካላወቀ፣ ሲያድግስ ለራት የሚበቃውን ማን ያቦካለታል?»

«እንግዲህ ሐጂ!» አለች ካሚላ። «ተረትዎን ይመልሱ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ዛፉ ሁሉ ከአቧራ የተነሣ አንድ መልክ አለው።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «አባባ፣ እዚህ እስከ መቼ እንደምንኖር ማን ያውቃል? ከሁለት ዓመት በኋላ እጨርሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ካልገባሁ፣ አባቴም የሁላችንን ኢቃማ ማሳደስ ካቃተው ኹሩጅ ነው፤ ከአገሩ መውጣት። ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ድረስ ትሸኙናላችሁ። ታለቅሳላችሁ። ከዚያ ወዲያስ? ኮምቦልቻ ወርጄ ምን አውቃለሁ ልበል? ‹ዐረብኛ እናገራለሁ፣ አልጋዬን አነጥፋለሁ› ልበል?»

«አልጋሽንም የምታነጥፈው እናትሽ ናት» አለች ካሚላ።

«እሱንም ቀንሱት። ምንም አላውቅም ማለት ነው። ስፌት ካወቅኩ ግን ስፌቱ አብሮኝ ይሄዳል። ሙያ ኢቃማ አያልቅበትም። እንደ…»

አቆመች።

አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጥቅሉ መለሰች።

«እንደ ብዙዎቹ እንዳልሆን ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

የዋጠችውን ስም አውቄዋለሁ። የልጄ ስም ነው።

አሁን የዋኢልን ነገር ልጻፍ። በሕንፃው ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በፊቴ ግን ማንም አያነሣውም።

ሐሪስ፣ በር ጠባቂ፣ ከመሆኔ በፊት ደማም ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበርኩ። ካፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ደግ ሰው ነበር፤ አላህ ይርሐመው። ሚስቴን እንዳመጣ ፈቀደልኝ። ዋኢል እዚያው ግቢ ተወለደ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች። ከካፊሌ ልጆች ጋር አደገ። እነሱ ሲጠጡ ያጠጡታል፤ እነሱ ሲተኙ ይተኛል። እነሱ ሥራ አይነኩም፤ እሱም አልነካም። ኮራሁ። የሹፌር ልጅ እንደ ባለቤት ልጅ ሲኖር አይቼ፣ ያደገልኝ መሰለኝ።

አስራ አራት ዓመት ሲሆነው፣ አንድ ሐሙስ፣ መኪና ሳጥብ መጣ። ባልዲ ሞልቶ ይዟል። በአንድ እጁ ስፖንጅ አለ።

«አባ፣ የግራውን ጎን እኔ ልጠብ» አለኝ።

ስፖንጁን ከእጁ ቀማሁት። «ይህ እጅ ለእስክሪብቶ ነው» አልኩት። የካፊሌ ልጆች በመስኮት ያዩ ነበር። ልጄ በፊታቸው ስፖንጅ እንዲይዝ አልፈለግሁም። በሚቀጥለው ሐሙስም መጣ። በሦስተኛውም። ሦስቴም መለስኩት። በአራተኛው አልመጣም። ከዚያ በኋላ ምንም ሥራ ላይ መጥቶ አያውቅም።

አስራ ስምንት ሲሞላው ትምህርቱ አለቀ፤ ኹሩጅ ሆነ። ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ አክስቱ ቤት ይኖራል። ሦስት ቦታ ተቀጥሮ ነበር። ከሦስቱም አንድ ወር አልቆየም። አለቃ ሲቆጣው ይወጣል፤ በማግስቱ አይሄድም። ሰው ሰነፍ ይለዋል። ሰነፍ አይደለም። መቆጣት ማለት ማባረር መስሎት ነው። ተቆጥተውት አያውቁማ። በሰባ አንድ ዓመቴ በር የምጠብቀው ለዚህ ነው።

ሸሃድ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ክርክራችንን በአንድ ስም ልትጨርሰው ትችል ነበር። የምትፈልገው ነገር በእኔ አፍ ነው ያለው፤ ጊዜዋም ሊያልቅ ነው። ግን ሽማግሌ ከማሳፈር መሸነፍ ይሻላል ብላ ስሙን ዋጠችው። ብዙ ሰው ሲከራከር ሰምቻለሁ። ያሸነፈኝ ይህ ያልተነገረ ቃል ነው። እንዲህ ያለ አደብ ያላትን ልጅ ሥራ ያበላሻታል ብዬ መፍራቴ ለራሴም ሞኝነት መሰለኝ።

«ኮባር ገባን» አለች ካሚላ።

ሸሃድ ጥቅሉን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «አባባ፣ ይነግሩታል?»

«እነግረዋለሁ።»

ፊቷ ጠቆረ።

«ያልሽውን ሁሉ እነግረዋለሁ» አልኳት። «ያላልሽውንም።»

ያን ዕለት መሐመድአወል ጁበይል ለሥራ ሄዶ ዘግይቶ ገባ። በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የዕቃ ሣጥኑን ይዞ መጣ። እንደ ልማዱ ሣጥኑን አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ነጭ ነው፤ ላብ ደርቆበት ጨው ሆኗል። በአዲሱ መነጽር ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት።

ሁሉንም ነገርኩት። ሳልጨርስ ተነሣ።

«ሬሀና ታውቃለች? ሬሀና?»

«ተቀመጥ።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ? ሸሃድ ስትወለድ በጆሮዋ አዛን ያሉላት ማን ነው? ‹ይህቺን ልጅ ለሰው እንዳትሠራ አድርገህ አሳድጋት› ያሉኝ ማን ነው? እርስዎ! እኔ ቃልዎን ነው የጠበቅኩት።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ተሳስቼ ነበር።»

ተቀመጠ። ሐጂ ኸሊፋ ተሳስቼ ነበር ሲል ሰምቶ አያውቅም። እኔም ብዬ አላውቅም።

«ሐጂ፣ የሰው ሴት ልጄን እንዲያዛት አልፈልግም» አለ፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ። «ሬሀና መጀመሪያ የመጣችው ሰው ቤት ነው። እርስዎ ያውቃሉ። ፓስፖርቷን ወስደው በር ቆልፈውባት ነበር። የምትበላው ኩሽና ቆማ ነው፤ ያውም የተረፈውን። እኔ ሳገባት ማልኩ። ከማኅፀኗ የሚወጣ ልጅ ለሰው አይሠራም አልኩ። አሁን ሸሃድን እጇን ይዤ ‹ውሰዷት› ልበል?»

«ሬሀናን ያቆሰላት ምንድነው? ሥራው ነው ወይስ በር የቆለፈባት ሰው?»

የሣጥኑን እጀታ ጨብጦ ያዘ።

«መጥበስና መጥረጉ ነው ያስለቀሳት? የአንተን ቤት አትጠርግም? አትጠብስም? ያስለቀሳት በደሉ ነው። እኛ ግን ሥራንና በደልን አንድ ስም ሰጠናቸው። ከሁለቱም ልጆቻችንን አሸሸን። ከበደል ማሸሻችን ደግ። ከሥራ ማሸሻችን ግን ሌላ በደል ሆነ። የእኛ ሰው ስሕተት ይህ ነው፤ እኔ መሪው ነበርኩ።»

«ሐጂ…»

«አላበቃሁም። ለልጅቱ የፈቀደችላት ማን ናት? በር የተቆለፈባት ራሷ ናት። ሥራ ምን እንደሆነና በደል ምን እንደሆነ ከአንተና ከእኔ ይልቅ የምትለየው እሷ ናት። ተቀምጠህ ጠይቃት።»

መሐመድአወል መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ያገላብጠው ጀመር። ሲጨንቀው ልማዱ ነው።

«እሺ፣ ሰው ምን ይላል? ‹መሐመድአወል ልጁን ማብላት አቃተው› ይባላል።»

«የቱ ሰው?»

«ሰው ነዋ። ሰፈሩ።»

«በዚህ ሰፈር ወሬ የሚጀመረው ከየት ነው?»

አየኝ። ወንበሬን አየ። ሳይወድ ፈገግ አለ።

«ከዚህ ወንበር ነው ሐጂ።»

«እንግዲያው ሰው ምንም አይልም። እኔ ዋስ።»

«ትምህርቷ ቢወድቅስ?»

«ኸላስ፣ ታቆማለች። አሁን በቃል እንሰር። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ። ከመግሪብ በፊት ቤቷ። ካሚላ እስከ ደጃፍ ታደርሳታለች። ስፌት ቤቱ የሴቶች ነው፤ ወንድ አይገባበትም። የፈተና ሳምንት ሥራ የለም። ሶላቷን በሰዓቱ ትሰግዳለች። ያገኘችው የራሷ ነው፤ አንተ እጅህን አታስገባም።»

«እኔ የልጄን ላብ?» ዓይኑ ፈጠጠ።

«አንተ አታደርገውም። የሚያደርጉ ግን አሉ። ይነገር ብዬ ነው።»

አሁንም መፍቻውን ያገላብጣል። የምናገረው አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። አስራ አንድ ዓመት የዘጋሁበት ነገር።

«ዋኢልን ታውቀዋለህ» አልኩት።

ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። «አውቀዋለሁ ሐጂ።»

«በእኔና በአንተ መካከል ስሙ ተነሥቶ አያውቅም። ዛሬ እኔ አነሣሁት።»

የስፖንጁን ነገር ነገርኩት። ባልዲውን፣ ሦስቱን ሐሙስ፣ በመስኮት ያዩ የነበሩትን ልጆች። ስናገር ድምፄ አልተለወጠም። መሐመድአወል መፍቻውን ኪሱ መለሰ። ከዚያ ወደ ደረጃው ዞሮ ተጣራ።

«ሸሃድ! ነይ ውረጂ።»

ደረጃው ላይ ሆና ስትሰማ ኖሮ ወዲያው ወረደች። አባቷ ፊት ቆመች። ለእኔ በገባችው ቃል መሠረት አጠገቤ ቆመች ማለት ይሻላል።

«ትናንት የተሸከምሽው ጥቅል ከባድ ነበር?» አላት።

«ከባድ ነበር አባ።»

«ትከሻሽን አመመሽ?»

«ትንሽ። ግራው።»

«እኔንም ግራው ነው» አለ። «ወረቀቱን አምጪ።»

የዕቃ ሣጥኑ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ጣቱ ላይ ግሪስ ነበረ፤ ከፊርማው አጠገብ ጥቁር አሻራ ቀረ። «ሌላ ወረቀት ላምጣ?» አለች ሬሀና፤ እሷም ወርዳ ኖሯል። «ተዪው» አለች ልጅቱ። «የአባቴ እጅ ነው።» መሐመድአወል ሣጥኑን አንሥቶ ፊቱን ሳያሳየን ወደ ላይ ወጣ።

ፈቃዱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጣ። ዛሬ ሰባተኛ ወሯ ነው። ያየሁትን እጽፋለሁ። ማየት ሥራዬ ነውና።

ውጤቷ አልወደቀም፤ ከፍ አለ። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ጊዜ ሲያንሳት ጊዜ ዋጋ አገኘ፤ የቀረቻትን ሰዓት መጽሐፍ ታነብባታለች። አማርኛዋም ቀና። ስፌት ቤቱ ከወሎ የመጡ ሴቶች ይበዙበታል፤ ስለ አገር፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሠርግ ያወራሉ። አሁን ተረት የምትተርትብኝ እሷ ናት።

በሁለተኛው ወር አንድ ዓባያ አሳጥራ ቆረጠች። የደንበኛ ነበር። ካሚላ ተቆጣች። የካሚላን ቁጣ እኛ በር ድረስ ሰምተነዋል። ሸሃድ እያለቀሰች መጥታ ወንበሬ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ነገ አልሄድም አባባ።»

«ትሄጃለሽ።»

«ጠላችኝ።»

«አልጠላችሽም። ተቆጣችሽ። ሁለቱ ይለያያሉ። ይህን ዛሬ እናትሽ ፎቅ ላይ እያለች ብታውቂው ይሻላል፤ በኋላ ማንም በሌለበት ከምታውቂው።»

ሄደች። ዓባያውን ፈታች፤ ደንበኛዋን ራሷ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከታች በሌላ ጨርቅ ቀጥላ አስረዘመችው። ደንበኛዋ ወደደችው። ባትወደውም ኖሮ ልጅቱ አትርፋለች።

መሐመድአወል ደግሞ አንድ ቀን ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «ሐጂ፣ ትናንት ስገባ ‹አባ፣ ቆመህ ነው የዋልከው?› አለችኝ። አስራ ስድስት ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። ልብሴንም አፍንጫዋን ሳትይዝ አጥባ ሰጠችኝ። ለካ እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው።» ብዙ ነገር ሊናገር ፈልጎ «አላህ ኸይር ይክፈልዎ» ብቻ ብሎ ተነሣ። ምስጋናው ለእኔ አይገባም፤ ለልጁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት አባቶች መጥተው ጠይቀውኛል። አንዱን እሺ አልኩት። ሁለተኛውን እምቢ። እሱ ልጁን ከትምህርት አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ሊያሠራ ፈልጎ ነበር። ያ ሌላ ነገር ነው። ለልጅ ሥራ እንደ ጨው ነው፤ ትንሹ ያጣፍጣል፣ ብዙው ያበላሻል። ጨው ይበዛል ብሎ አልጫ ማሳደግም ጉዳት መሆኑን ግን በልጄ አይቻለሁ። ወላጅ የሆነ ሰው ልጁ ባልዲ ይዞ ሲመጣለት አይመልሰው። ያች ቀን ሦስት ጊዜ ትመጣለች፤ በአራተኛው ላትመጣ ትችላለች።

መሐመድአወል በፈረመ በማግስቱ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ዋኢል ዘንድ ደወልኩ።

«ዋኢል፣ ስፖንጁን ታስታውሳለህ?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አስታውሳለሁ አባ። ቢጫ ነበር።»

ቀለሙን እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ አስራ አምስት ዓመት ይዞት ኖሯል።

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አባ፣ ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?»

«ደኅና ነኝ። አውፍ በለኝ። እጅህ ለእስክሪብቶ ብቻ አልነበረም።»

«አውፍ ብያለሁ አባ» አለ።

ከሦስት ወር በፊት ላቫጆ ቤት ገባ፤ መኪና ያጥባል። ከዚህ በፊት አንድ ወር ሞልቶ አያውቅም ነበር። አለቃው ሁለት ጊዜ ተቆጥቶታል። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ሄዷል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ድምፁ ውስጥ የሸሃድን ደስታ ሰማሁ፣ «ከባድ ነው» ስትል የነበራትን። አልሐምዱሊላህ። ያጠፋሁትን ሳልሞት ለማየት፣ የጠፋውም ሲመለስ ለማየት ዕድሜ ሰጠኝ። ሸሃድንም አመሰግናለሁ፤ ዋጥ ላደረገችው ስም።

በጀመረበት ቀን ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ከሥሩ ምንም አልጻፈም። የጎማ ጫማ አድርጓል፤ እጁ ላይ ስፖንጅ አለ፤ ከኋላው ግማሹ የታጠበ አይሱዙ ቆሟል። መነጽሬን ጠርጌ ስልኩን አቀረብኩት።

የታጠበው የግራው ጎን ነበር።